ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ

ጥቅምት ሲገባ በራዲዮና በቴሌቪዥን ብቅ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። መጪው የበጋ ወቅት በአብዛኛው ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ እንደሚሆን፣ የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜም እንደሚጠናከር ትነግረናለች። ቃሏ ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይለወጥ ጆሮ የሚሰጣት የለም። እኔ ግን ዕድሜዬን ከቃላት ጋር ስከራከር የኖርኩ ነኝና ዝም ብዬ ማሳለፍ አቅቶኛል። የአገራችን ታሪክ ግማሹ እሷ ውስጥ ተቀምጧል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

መጀመሪያ «በጋ» የምትለዋን ቃል እንያት። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፣ ቀጥሎ እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፣ ከዚያ ክረምት። የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ደግሞ በሦስት ይከፍሉታል፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። የትምህርት ቤት ልጅ በበኩሉ አደይ አበባ የምትፈነዳበትን ወራት «ፀደይ» ብሎ ያድጋል፤ መፀው የሚባል ነገር መኖሩንም አይሰማ። በዚህ ስንት ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር እንደተነታረክሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚህ የባሰው የክረምት ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛውን «ዊንተር» ክረምት ብለን ተረጎምነውና የሩሲያ ልቦለድ ስናነብ ጀግናው በክረምት በረዶ ላይ በጋሪ ይንሸራተታል። የእኛ አንባቢ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ደግሞ የሐምሌን ጭቃ ነው። የጥንቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህ ችግር አልገጠማቸውም፤ በፍልስጥኤም ምድር ብርዱና ዝናቡ አብረው ነውና የሚመጡት፣ ክረምት ቢሉት ያምርበታል። በእኛ ዘንድ ግን ዝናብና ብርድ ወራት ተከፋፍለዋል። ለዚህ ነው አሜሪካ ያለው ዘመድ በታኅሣሥ ደውሎ «ክረምቱ ጠንቶብናል» ሲለን አንድ አፍታ ግር የሚለን።

የእኛ ብርድ በደመና አይመጣም፤ ደመና በማጣት ነው የሚመጣው። በጋ ሲሆን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው አየር ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል። ምድር ቀን ስትጠጣው የዋለችውን ሙቀት ሌሊት የሚሸፍንላት ነገር አጥታ ወደ ላይ ትለቀዋለች። ቀትር ላይ ኮት ያስወለቀ ፀሐይ፣ ንጋት ላይ ባቄላውን አሳርሮ ያሳድራል። ያሳረረው እሳት ሳይሆን ውርጭ ነው፤ ገበሬው ግን «አቃጠለው» ነው የሚለው፣ ልክም ነው። አባቶቻችን ለዚህ ነገር የነበራቸው ክብር ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለውን አገር በሙሉ በስሙ «ውርጭ» ብለው መጥራታቸው ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባና መሥራቱ ለጌጥ አልነበረም። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ማለታችንም ሥጋ ስለምንወድ ብቻ አይደለም (ስለምንወድም ነው እንጂ!)።

ወደ «ደረቅ» እንምጣ። ይህን ቃል ገበሬውና ወታደሩ እኩል ሲጠብቁት ኖረዋል። ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጠፋል፤ ንጉሡም በከተማው ይከርማል። «እንዴት ከረምክ» የምንባባለው ከዚሁ ቃል ነው። በጋ ሲገባ ጎርፉ ይጎድላል፣ እህሉ ይደርሳል፣ ነጋሪት ይጎሰማል። የዳግማዊ ምኒልክ ክተት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ታወጀ፤ አምባላጌ በኅዳር፣ ዓድዋ የካቲት 23 ሆነ። የእንግሊዙ ናፒዬር በዙላ በኩል የገባው በ1860 ዓ.ም. በጋ ሲሆን፣ መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ከሞቱ በኋላ ክረምቱ ሳይዘው ለመውጣት ተጣድፏል። ኢጣሊያኖችም ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ የዝናቡን ማብቂያ ጠብቀው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገሩ። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ነገሥታቱ ቁጣና ስለ ውል አንቀጽ ብዙ ይነግሩናል፤ ስለ ደረቅ መሬት ግን አያነሱም። ያለ ደረቅ መሬት ግን በቅሎም መድፍም አይሄድም።

የዚህን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ ምን ጊዜም አንድ ሰው ነው። አጨዳና ዘመቻ በአንድ ወር ይመጡበታል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ብዙው እህል ገና ማሳ ላይ ነበር። የዚያን ዓመት ሰማይም ለአጨዳ የተመቸ፣ የጠራ ነበር።

«ነፋሻማ» ለእኛ ለከተሜዎቹ አቧራ ነው፣ ጉንፋን ነው። ለገበሬ ግን ነፋስ የሥራ ባልደረባ ነው። እህሉ በበሬ ተወቅቶ አውድማው መሐል ሲከመር፣ ገበሬው ላይዳውን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋስ ከሌለ ገለባው ከፍሬው አይለይም። ከሰዓት በኋላ ሽው ሲል የሚሰማውን ደስታ አውድማ ዳር ያደገ ሰው አይረሳውም። ደግሞ ያው ነፋስ እሳት ሲያገኝ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች፣ በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ያውቀዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎች መጥተው ለቃሉ ሌላ ትርጉም ጨምረውለታል። ግድቦቹ ውሃ በማይጨምሩበት ወራት ነፋሱ ይበረታልና።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከዓረፍተ ነገሯ ጋር ያለኝን ጠብ ልናገር። «በአብዛኛው» የምትል ቃል አለችባት። ትንበያውን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ቀጥለው ለየአካባቢው ዘርዝረው ይናገራሉ፤ እነሱን አልወቅስም። ሥራው በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ከመሆኑ በፊት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ከአውሮፕላን ነጂ እስከ ገበሬ ድረስ መጥተዋል፣ ቀላል መንገድ አይደለም። እኛ አድማጮቹ ግን ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በኋላ ጆሯችንን እንዘጋለን።

ከተዘጋው ጆሮ ጀርባ ያለው ይሄ ነው። በቦረና፣ በጉጂ፣ በሶማሌ ክልል ቆላዎች ጥቅምትና ኅዳር የዝናብ ወራት ናቸው። ሶማሌው «ዴይር» ይለዋል፤ ቦረናው «ሀገያ»። የግዕዙ «ሐጋይ» ደረቁን ወራት ሲል የቦረናው «ሀገያ» ዝናቡን ይላል፤ በአንድ አገር፣ በተቀራራቢ ድምፅ። ለሸዋ ገበሬ «ደረቅ በጋ» ምሥራች ነው፣ ክምሩ አይበሰብስበትም። ለያቤሎ ከብት አርቢ ግን ያቺው ቃል መርዶ ናት።

ሁለቱ እንዴት እንደሚጣሉ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1990 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በጋው ዘነበ። በደጋው የደረሰ እህል ዝናብ መታው፤ የዋቤ ሸበሌ ጎርፍም ሰዉን አፈናቀለ። በላኒና ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ላኒና ተከታተለና በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አምስት የዝናብ ወቅቶች በላይ በላዩ ከሸፉ። የቦረና ከብት በጅምላ አለቀ። ላም ስታልቅ ወተት ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ጥሎሽ ይቀራል፣ የልጅ ስም ማውጫ በዓል ይቀራል፣ ሰው ከሰው የሚዛመድበት ነገር ይቀራል። በእነዚያ ሦስት በጋዎች እኛ አዲስ አበባ ላይ ብርዱን እያማረርን፣ ሰማዩ እንዴት ጠራ እያልን ፎቶ እናነሳ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ኤልኒኞ ተመልሶ መጣ። ደርቆ የነበረው የሶማሌ ክልል ምድር በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ከድርቁ የተረፉትን ፍየሎች ጎርፉ ወሰዳቸው። ያን ሰሞን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥኑ የአየሩን ነገር ጀመረ። «ያው ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ ነው» አለና ድምፁን ቀነሰው።