ቼ በለው ስለሚባለው ሸክላ

ሰው የሠራው ሥራ ሁሉ በተሠራበት ዘመን ሙሉ ዋጋውን አያገኝም። አንዳንዱ ገና ሲወጣ ሰው ሁሉ ይሻማበትና በዓመቱ ይረሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለብዙ ዘመን ዝም ተብሎ ይኖርና ወዳጁ ከሩቅ አገር ዘግይቶ ይመጣለታል። ስለ መጻሕፍትና ስለ ሥዕል እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ግን ለእናንተ ለወጣቶቹ የምነግራችሁ በገዛ ከተማችን በአዲስ አበባ ስለ ተሠራ ስለ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ነው። የታሪኩ ግማሽ በባሕር ማዶ ያለፈ ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌ ጽፌአለሁ።

«ቼ» ማለት ፈረስ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ጋላቢ ፈረሱን ለማስገስገስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ በ1977 ወጣ። ያሳተመው የአቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ የሸክላ ቤት ሲሆን፥ የተጫወቱት ዋልያስ ባንድ የተባሉ ሙዚቀኞች ናቸው። ስማቸውን የወሰዱት ከስሜን ተራራ እንስሳ ከዋልያ ነው። ኦርጋን የተጫወቱት አቶ ኃይሉ መርጊያ፥ ፒያኖ አቶ ግርማ በየነ፥ ሳክስፎን አቶ ሞገስ ሀብቴ፥ ትራምፔት አቶ ዮሐንስ ተኮላ፥ ጊታር አቶ ማሕሙድ አማን፥ ቤዝ ጊታር አቶ መላከ ገብሬ፥ ድራም አቶ ተማረ ሐረጉ ነበሩ፤ አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አግዘዋቸዋል። ስማቸውን ዘርዝሬ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝብ የዘፋኙን ስም ይይዛል እንጂ ከኋላው ቆሞ የሚጫወተውን ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ በዚህ ሸክላ ላይ ደግሞ ዘፋኝ የለም።

የነገሩን ክብደት ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የመንግሥቱ የሙዚቃ ቡድን ከሆኑ ጀምሮ፥ የነሐስ መሣሪያ በአገራችን በመንግሥት እጅ ነበረ። በኋላም የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ሙዚቀኛው ወታደር፥ ጥሩምባውም የመንግሥት ንብረት ነበረ። ሸክላ የማሳተም መብት እንኳ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር በ1969 የደፈረው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ መደብር ባለቤት ነው። ክልከላውን አልፎ በገዛ ስሙ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። ዋልያስም በዚህ በተከፈተ በር ከገቡት ናቸው። መሣሪያቸው የራሳቸው ነበረ፤ አዛዥ አልነበራቸውም፤ ከሂልተን ሆቴል ጋር ተዋውለው በሙያቸው ይተዳደሩ ነበር። ዛሬ ይህ ነገር ተራ ይመስላል።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በዐሥር ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዐሥራ አራት ዓመታቸው አኮርዲዮን ያዙ። በኋላም ኦርጋን ሲጫወቱ አንድ አሳብ መጣላቸው፤ ይኸውም የሕዝቡን የቆዩ ዜማዎች ወስዶ፥ ድምፃዊው የሚቆምበት ቦታ ላይ ኦርጋኑን ማቆም ነው። እንደ «ሎሚ ተራ ተራ» ያለውን፥ ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን ዜማ፥ ያለ አንድ ቃል በጣት ማዜም ማለት ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ቀላል ድፍረት አይደለም። እኛ የቃል ሰዎች ነን። ቅኔ አዋቂው ሰምና ወርቁን እስኪለይ ድረስ ከዘፈኑ አንዲት ስንኝ አያመልጠውም፤ አዝማሪውም የሚሸለመው በግጥሙ ነው እንጂ በመሰንቆው ክር አይደለም። ዜማው የቃሉ አህያ ነው፤ ጭነቱን ካደረሰ በቃው። ስለዚህ ያለ ቃል የተሠራ ሙዚቃ ለብዙ ሰው ዘፋኙ ገና ያልመጣበት ድግስ ይመስላል። በሆቴልና በሻይ ቤት የወሬ ማጀቢያ ይሆናል፤ ወይም በሬዲዮ ሁለት ዝግጅቶች መካከል ክፍት ቦታ ይሞላል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በእግር እየተረገጠ የሚሰማ አርሞኒየም ነበረ፤ መዝሙር ለማጀብ ካልሆነ በቀር ክዳኑ አይከፈትም። ኦርጋን ብቻውን ቆሞ የባቲን ቅኝት ሲናገር መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ፥ ያ ዝም ያለ ሣጥን ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ተደነቅሁ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ከመሸታ ቤት የመጣ ነው ብለው ጆሮአቸውን የሚያዞሩ ታላላቆችም ነበሩን። ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምን ይላል ብሎ ሳይሰሙ መፍረድ ከአስተማሪ አይጠበቅም።

ዘመኑ ደግሞ የሙዚቃ ዘመን አልነበረም። በ1977 በአዲስ አበባ ቀይ ሽብር ነበረ፤ በምሥራቅ በኩልም የሶማልያ ጦር በሐምሌ ወር ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። ማታ ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለ ነበር፥ ለመጨፈር ወደ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ ሙዚቀኞቹም ከእርሱ ጋራ ያድራሉ። በዚያን ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። በየካ በኩል፥ በእንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን፥ ከመሸ በኋላ የውሻ ድምፅና የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ መኪናው በማን ደጅ ይቆም ይሆን እያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። እንዲህ ባለ ሌሊት፥ በዚያው ከተማ፥ ሙዚቀኞች በሰዓታቸው ተገኝተው፥ መሣሪያቸውን ቃኝተው፥ አንዱን ዜማ ደጋግመው እያጠሩ ይሠሩ እንደ ነበረ ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሙዚቃቸው ጭፈራ ብቻ ነው የሚል ሰው በጥንቃቄ ይስማው። የአቶ ግርማ በየነ ሥራ የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ቢደመጥ፥ ከሥር ቤዙ እንደሚፈራ ሰው እርምጃ እየተመላለሰ፥ ከላይ ጥሩምባዎቹ እንደ ማስጠንቀቂያ ይነሣሉ። እነርሱ ይህን አስበው ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ የዘመኑ አየር ግን ውስጡ አለ።

ሸክላው ወጣ፤ ጥቂት ሰው ገዛው፤ ከዚያም የሸክላ ዘመን ራሱ አለቀ። ካሴት ርካሽ ነበረና ሁሉን ጠራርጎ ወሰደው። በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለትርኢት ሄዱ፤ የሚሰማቸውም በአብዛኛው በዚያ የሚኖረው ስደተኛ ወገናቸው ነበረ። ጉዞው ሲያበቃ እኩሌቶቹ ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉ፥ አቶ ግርማ፥ አቶ ሞገስና አቶ መላከ እዚያው ቀሩ። ባንዱም በዚህ ተበተነ። አቶ ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አጣምረው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ፤ ወደ አገር ቤት ተልኮ ተሸጠ፥ ከዚያም እንደ ሌላው ካሴት ሁሉ አቧራ ለበሰ። አቶ ግርማ በነዳጅ ማደያ ተቀጥረው ብዙ ዓመት ሠሩ። አቶ ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ።

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ቦታ ነው። አቶ ኃይሉ በአየር ማረፊያው ተራ ይዘው መንገደኛ ሲጠብቁ፥ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው፥ በኋላው ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ይመልሱትና መሪ ይይዛሉ። ይህን ሲያደርጉ የሚሰማ አድማጭ፥ የሚከፍል አሳታሚ፥ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አልነበረም። ዓመት ሁለት ዓመትም አይደለም፤ ጎልማሳው እስኪሸብት ድረስ ነው።

እኛ በእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች በዛፍ እንመስላለን። ከኪዳነ ምሕረት በኩል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቶች ተሸክመውት የሚወርዱት ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፥ ይቆረጣል፥ ይነዳል። ጽድን የተከለ ግን ግንዱ እቅፍ ሳይሞላ ያረጃል። ጽድ የሚተክል ሰው ባሕር ዛፍ ከሚተክለው ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ እንጀራ የሚጋገረው በባሕር ዛፍ ነውና። ነገር ግን ጽድ ተክሎ በሦስተኛው ዓመት ለምን አልደረሰም ብሎ መንቀል ሞኝነት ነው።

ሸክላው እንዴት ተነሣ? በ1990ዎቹ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ሸክላዎች ሰብስቦ በአውሮፓ እንደ ገና ያሳትም ጀመር፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ም ከመካከላቸው ነበረ። ዜማው ከሰው ወደ ሰው ሄደ። በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የብሩክሊን ባንድ፥ በ2000 ደግሞ አይዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን ባንድ በየራሳቸው ሸክላ ላይ ተጫወቱት። አስቀድሜ እንደ ተናገርሁት፥ ሙዚቃው በአገሩ ዘግይቶ የተከበረው ቃል ስለሌለው ነበር። አሁን ግን ያው ጉድለት በር ከፋች ሆነ። የብሩክሊን ልጅ አማርኛ አያውቅም፤ የጎደለበት ስንኝ የለም፤ ስለዚህ የሰማው ቅኝቱን፥ ምቱንና ኦርጋኑን ብቻ ነው። እኛ ቃል ስንጠብቅ ያለፈንን እርሱ ምንም ሳይጠብቅ አገኘው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ በጣም ተራ በሆነ መንገድ ሆነ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፥ የአፍሪካ ካሴት እየሰበሰበ የሚያሳትም ሰው፥ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ ያን የ1985 ካሴት ገዛ። ወደደው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ በዋሽንግተን አገኛቸው። በ2013 ካሴቱ በሸክላ ታተመ፤ በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ፤ በ2016 አቶ ኃይሉ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ» ወጣ። የአሜሪካና የእንግሊዝ ታላላቅ ጋዜጦች ስለ ታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ ጻፉ፤ የጥንቱም የ1977 ሸክላ ቅጂ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ የሚፈለግ ሆነ። በሸክላው ላይ ግን አንዲት ኖታ አልተጨመረችም፤ አልተቀነሰችምም። የተለወጠው የአድማጩ ጆሮ ነው።

ስለዚህ ነገር ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቼአለሁ። አንዳንዱ ፈረንጅ ሀብታችንን አዳነልን ይላል፤ ሌላው ፈረንጅ ካላመሰገነው የራሳችንን አናይም ብሎ ይቆጣል። እኔ ለካሴቱ ዋጋ ከፍሎ፥ ባለቤቱን ፈልጎና ስሙን ጽፎ ያሳተመውን ሰው ለመንቀፍ ምክንያት አላገኘሁም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከጡረታዬ በፊት በነበረው ዓመት በክፍል ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት»ን አሰማሁና ታውቁታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከግማሽ የሚበልጡት እጃቸውን አወጡ። የማን ነው ብዬ ስጠይቅ ግን አንድም እጅ አልተነሣም፤ አንዱ ተማሪ፥ የድሮ ነው መምህር፥ ባለቤት የለውም፥ አለኝ። ሥራውን እየወደዱ ሠሪውን አለማወቅ ከመርሳት ይብሳል፤ የረሳ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ አውቆ ነበርና። በየቤታችን ስንት ካሴት ሌላ ነገር ተቀድቶበት፥ ስንት ሸክላ የድስት ክዳን ሆኖ እንደ ቀረ ለሽማግሌ የሚነገረው አይደለም።

አቶ ግርማ በየነ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2017ም አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ አሳተሙ። አቶ ኃይሉ እንደ ገና በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫወቱ። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ ሸክላ ሲያወጡ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከእርሳቸው ጋር የተጫወቱት ሁለት የአውስትራልያ ተወላጆች ናቸው፤ አንዱ ድራም፥ አንዱ ቤዝ። እርሳቸው በዚያ ሸክላ ላይ ኦርጋንና ፒያኖ ብቻ አልተጫወቱም፤ በዐሥራ አራት ዓመታቸው ያነሡትን አኮርዲዮንም ይዘው ገብተዋል።