ካሜሮን፦ የአንድ ጎሳ ስምና ስሙን የተጋሩ ቦታዎች

ካሜሮን ከስኮትላንድ ታዋቂ የጎሳ ስሞች አንዱ ነው። መነሻው የጌሊክ ቋንቋ ሲሆን «ካም» ጠማማ፣ «ስሮን» ደግሞ አፍንጫ ማለት ነው። ስሙ ቀድሞ ለአንድ ሰው የወጣ ቅጽል እንደነበር ይታመናል። የጎሳው ነባር መኖሪያ በምዕራብ ስኮትላንድ የሚገኘው ተራራማው ሎካበር ነው።

ይህ ስም ከጊዜ በኋላ ባሕር ተሻግሮ የቦታ መጠሪያ ሆኗል። በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በ1848 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካሜሮን ካውንቲ የተሰየመው በስኮትላንድ ተወላጁ የጦር አዛዥ በኢወን ካሜሮን ነው። በማሌዢያ ፓሃንግ ግዛት የሚገኘው የካሜሮን ደጋም ስሙን ያገኘው በ1885 እ.ኤ.አ. አካባቢውን ካጠናው ብሪታንያዊ ቀያሽ ከዊልያም ካሜሮን ነው። ደጋው ዛሬ በሻይ፣ በአትክልትና በእንጆሪ ልማት ይታወቃል። ይሁን እንጂ ከቀያሹ ጉዞ አስቀድሞ ሴማይን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች በዚያ ይኖሩ ነበር፤ የደጋው መጠሪያ ግን የእነርሱን ታሪክ አይናገርም።

በአማርኛ አጻጻፍ ለካሜሮን እጅግ የቀረበው የአፍሪካዊቷ አገር የካሜሩን ስም ከዚህ ጎሳ ጋር አይዛመድም። ፖርቱጋላውያን መርከበኞች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የዉሪን ወንዝ በፖርቱጋልኛ «የሽሪምፕ ወንዝ» ብለው ጠርተውት ነበር፤ የአገሪቱም ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ የቦታን ስም ምንጭ ለማወቅ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን በቂ አይደለም። ቦታውን ማን፣ መቼና በማን ስም እንደሰየመው መመርመር ያስፈልጋል።