ከቅቤ እስከ «4ሲ»፦ ጸጉራችንን ማን መደበው?

በወላይታ ዞን ቦምቤ ገበያ ላይ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ገዢዋ ታሸታለች፣ በጣቷ ጫፍ ትነካለች፣ ትከራከራለች። ለወጥ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ለአናት ግን ለጋው ይመረጣል። እንደ ማንኛውም የዞኑ ከተማ እዚህም ጸጉር ቤት ገብታ ካስክ ሥር የምትቀመጥ አለች፤ ፔስትራ የምታስግል አለች። ታናሽ እህቷ ደግሞ ስልኳ ላይ «የእኔ ጸጉር 4ቢ ነው ወይስ 4ሲ?» እያለች ትፈልጋለች። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ጸጉር ነው። የመጡበት ታሪክ ግን የተለያየ ነው፤ አንዳንዱም የሚያኮራ አይደለም።

ከራሳችን እንጀምር። አማርኛ ጸጉርን ሲመድብ ኖሯል። ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ ይላል። የማያውቁት ሰው ሠፈር ሲገባ «ጸጉረ ልውጥ» ይባላል፤ ባዕድነት ከፊትም ከልብስም በፊት በጸጉር ተለክቷል ማለት ነው። ከቃላቱ መካከል ዞማ ሙገሳ ነው፣ ከርዳዳ ስድብ ነው። ምደባው ጸጉሩ ውኃ ይፈልግ እንደሆነ፣ ቅባት ይበቃው እንደሆነ፣ በምን ማበጠሪያ ይበጠር እንደሆነ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። የሚነግረን ማን ከማን እንደሚበልጥ ብቻ ነው። «የሐበሻ ጸጉር» የሚባለው ነገርም እንዲሁ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የአንዷ ጸጉር ለስላሳ ሞገድ፣ የእህቷ ጥቅጥቅ ያለ ጥምዝ ሆኖ እያየን፣ ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ናሙና አበጅተን ከዚያ የራቀውን ስናሸማቅቅ ኖረናል።

ግን ደግሞ ሌላ ቋንቋም ነበረን። ቁንጮና ጋሜ የልጅነት ምልክት ነበሩ። ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ መሆኗን አናቷን አይቶ ማንም ያውቅ ነበር። ሐዘን የደረሰባት ትላጫለች። ጎፈሬ የዘማች ነበር፤ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ በዱር የቆዩት አርበኞች በረዥም ጎፈሬያቸው ይታወቃሉ። ያ ጎፈሬ ዞማ አልነበረም፤ ማንም ግን «ከርዳዳ» ብሎ አላፈረበትም።

የአፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ነገርም አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ የእንግሊዝ ጦር ካጋዘው ብዙ ቅርስ መካከል ከንጉሡ ራስ የተቆረጠ ጸጉር ይገኝበታል። ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ጸጉሩን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ የሰጡት የንጉሡን አስከሬን የሣለው ሰው ዘመዶች ናቸው። ከብዙ ውትወታ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የወቅቱ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ዶክተር ሂሩት ካሳው ለንደን ሄደው ተረከቡት። ሁለት ቁራጭ ጸጉር ለማስመለስ አገር ተንቀሳቅሷል። ያው አገር በየጸጉር ቤቱ ያንኑ ዓይነት ጸጉር ለማቃናት ገንዘብ ይከፍላል።

ወደ ደቡብ እንመለስ። ከወላይታ በስተደቡብ በጋሞ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ዶርዜዎች ማዕረግ የተቀበለ ሰው አናት ላይ ቅቤ ያኖራሉ። እዚያ የኖረው ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቅቤ ይዞ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ሲመረምር እናገኘዋለን። በወላይታም ቅቤ የክብር፣ የአራስ ቤትና የጊፋታ ነገር ነው። እንግዲህ አናት ላይ የወጣው ቅቤ የድህነት ምልክት አልነበረም። «ቅቤ ቅቤ ትሸታለች» ብሎ መሳቅ የከተማ ፈጠራ ነው።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም። ጸጉርን በሠንጠረዥ መደልደል የተጀመረው በውበት ሳሎን አልነበረም። ጀርመናዊው ኦይገን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1908 ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው የጀርመን ቅኝ ግዛት ወደ ሬሆቦት ሄዶ ከነጭና ከአፍሪካዊ የተወለዱ ሰዎችን ለካ። የጸጉር ናሙና የተደረደረበት መለኪያም በስሙ ይታወቃል። ይህ ሰው ኋላ ለናዚ የዘር «ሳይንስ» ዋና ምሰሶ ሆነ። በደቡብ አፍሪካም ከ1950ው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ በኋላ፣ ዘሩ ያጠራጠረ ሰው ጸጉር ውስጥ እርሳስ ይሰካ ነበር። ከወደቀ ነጭ፣ ተሰክቶ ከቀረ አይደለም። በአንድ እርሳስ ምክንያት ትምህርት ቤት፣ ሠፈር፣ ትዳር ይወሰን ነበር።

ዛሬ በስልክ የሚዞረው ሠንጠረዥ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የኦፕራ ዊንፍሬይ ጸጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ጸጉርን በአራት ከፈለው፤ ሉጫ፣ ሞገዳም፣ ጥምዝና ጥቅጥቅ። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ 4ሲ የሚባል አልነበረም። እሱን የጨመሩት ራሳቸውን እዚያ ውስጥ ያላገኙ ሴቶች ናቸው። ሠንጠረዡ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም የሚያሳየው የጥምዙን ቅርጽ ብቻ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ቁጥሩን ካወቁ ጸጉራቸውን ያወቁ ይመስላቸዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ሦስት ነገር ማየት ይሻላል። አንዱ ዘለላ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? አናቱ ላይ ያለው ብዛት ምን ያህል ነው? ውኃ ሲነካው ቶሎ ይጠጣል ወይስ ጠብታው ላዩ ላይ ይቆያል? የጥምዝ ጸጉር ዋና ችግር ድርቀት ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት ቀጥ ያለውን ጸጉር ይዞ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ ጥምዙ ላይ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። እያንዳንዱ መታጠፊያም መሰበሪያ ነው። ስለዚህ ሲደርቅ ከማበጠር ይልቅ አርጥቦ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መፍታት ያስፈልጋል። ቅቤም ቢሆን እርጥበት አይሰጥም፤ ያለውን ይዞ ያቆያል እንጂ። ደረቅ ጸጉር ላይ ቅቤ መለደፍ ድርቀቱን ማሸግ ነው። ሹሩባ ደግሞ ጸጉርን ያሳርፋል፤ ግንባር ላይ እስኪያም ድረስ ተጠብቆ ከተሠራ ግን በዓመታት ውስጥ የፊቱን መስመር ይመልጣል።

«ከርዳዳ» የተባለው ጸጉር ጉድለትም አይደለም። ቲና ላሲሲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ሙቀት በሚለካ አሻንጉሊት ራስ ላይ የተለያየ ዊግ አድርገው ሲሞክሩ፣ አናትን ከፀሐይ ከሁሉ በላይ የከለለው ጥብቅ ጥምዙ ነው።

ሪላክሰርን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ 33,947 ሴቶችን ተከታትሎ የወጣ ጥናት አለ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የጸጉር ማቃኛ በሚጠቀሙት ላይ፣ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 4.05 በመቶ ሲገመት፣ በማይጠቀሙት ላይ 1.64 በመቶ ነው። ጥናቱ ኬሚካሉ መንሥኤ መሆኑን አላረጋገጠም፤ ዝምድናውን ግን አሳይቷል። ደንበኛዋ ሪላክሰር የምትቀባው አልፎ አልፎ ነው። ቀቢዋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ያለ ጓንት ትሠራለች። የዕቃው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአማርኛም ለወላይትኛም ቦታ የለውም።