ብልሽት ቁጥር 54

‹‹ሲስተም የለም!›› የምትለውን ዓረፍተ ነገር የማያውቃት የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተሰልፈን፣ ቁጥር ይዘን፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ትጠብቀናለች። ሲስተሙ መቼ ሄደ? ምን ሲነካ ሄደ? ጠያቂም መላሽም የለም። ጠጋኙ ሲጠራም ‹‹እምቢ አለኝ›› ይባላል፤ እሱም አጥፍቶ ያበራውና ይሄዳል። መቼም ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር ትዝ የምትለኝ ታይለር የምትባል የቴክሳስ ከተማ ናት።

ቴራክ-25 ካናዳ ውስጥ የተሠራ የካንሰር ማከሚያ የጨረር ማሺን ነበር። በካናዳና በአሜሪካ የተተከሉት 11 ብቻ ናቸው። ታላቅ ወንድሙ ቴራክ-20 ጨረሩ ከልክ እንዳያልፍ የሚያግዱ፣ ከኮምፒዩተሩ ውጭ የሆኑ መከላከያዎች ነበሩት። በአዲሱ ማሺን ይህ አደራ ለሶፍትዌር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ 6 ሕሙማን ከልክ ያለፈ ጨረር አገኛቸው።

መጋቢት (ማርች) 21 ቀን 1986 ታይለር ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ሊታከም ተኛ። ማሺኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ለኤሌክትሮን ‹‹ኢ›› መጻፍ ሲገባት ለኤክስሬይ የሚሆነውን ‹‹ኤክስ›› ጻፈች። ወዲያው አየችውና ወደ ላይ የምትመልሰውን ቁልፍ ተጭና አረመች። ማሺኑ ጨረሩን ለቀቀና ቆመ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ‹‹ብልሽት 54›› የሚል ብቻ ነው። ምን ማለት እንደሆነ መመሪያው በቅጡ አያስረዳም። የተሰጠው ጨረር ያነሰ ነው ስለሚልም ‹‹ቀጥል›› የሚለውን ተጫነች። ግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ጀርባው ላይ የፈላ ቡና የተደፋበት ያህል ተሰምቶት ሊነሳ ሲል ሁለተኛው ክንዱን መታው። በዚያ ቀን ካሜራው ተነቅሏል፤ ድምፅ ማዳመጫውም አይሠራም። ሰውዬው በሩን ደበደበ። ከ5 ወር በኋላ ሞተ።

የአምራቹ መሐንዲሶች መጡ፤ ቀኑን ሙሉ ሞከሩ፤ ብልሽት 54 አልመጣላቸውም። ማሺኑ ከልክ በላይ ሊለቅ አይችልም አሉ፤ ምናልባት ኤሌክትሪክ ይዞት ይሆናል ተባለ። ኤሌክትሪኩም ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘበትም። ማሺኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሚያዝያ (ኤፕሪል) 11 ቀን ሌላ ሕመምተኛ፣ በዚያችው ባለሙያ እጅ፣ በዚያው ብልሽት ፊቱ ላይ ተመታ። እሱም ግንቦት (ሜይ) 1 ቀን አረፈ።

የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ፍሪትዝ ሄገር ታዲያ ማሺኑን ዘጋውና ከባለሙያዋ ጋር አብሮ ቁጭ አለ። እሷ ያደረገችውን አንድ በአንድ ታስታውስ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ‹‹ከዚያስ?›› እያልኩ አሰለች ነበር፤ ይሄ ሰው የሠራው ያንኑ ነው። ምን ጻፍሽ፣ ከዚያስ፣ የትኛውን ቁልፍ፣ ከዚያስ። ደጋገሙት፣ ደጋገሙት፤ በመጨረሻ ብልሽት 54ን ሲፈልጉ የሚጠሩት ሆነ። ምሥጢሩ ፍጥነት ነበር። ሶፍትዌሩ ማግኔቶቹን ሲያስተካክል 8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እርማቱ በዚያች ጊዜ ውስጥ ካለቀ ለውጡን አያየውም። ስክሪኑ ኤሌክትሮን ይላል፣ የሚለቀቀው ግን ለኤክስሬይ የተዘጋጀው ኃይል ነው፤ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ብረት ደግሞ በቦታው የለም። እጇ የፈጠነ፣ ሥራዋን የለመደች ሴት ናት ብልሽቱን የምታገኘው። ቀስ ብሎ የሚጽፍ መሐንዲስ ዓመቱን ሙሉ ቢሞክር አያገኘውም።

ሄገር አምራቹ ጋ ደወለ። እዚያ ያለው መሐንዲስ ሞክሮ አልመጣለትም፤ ሄገር በፍጥነት መጻፍ እንዳለበት አስረዳው፤ በማግስቱ መሐንዲሱ አገኘሁት ብሎ ደወለ። የድርጅቱ የመጀመሪያ መድኃኒት ግን አስቂኝ ነው፤ ለሳቅ ባይሆንም። ወደ ላይ የምትመልሰዋን ቁልፍ ነቅላችሁ ቦታዋን በፕላስተር ሸፍኑ የሚል ደብዳቤ ጻፈ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህ አይበቃም፣ ማሺኑ ጉድለት አለበት አለ።

ወሬው ቺካጎ ሲደርስ እዚያ ያለ ሌላ የፊዚክስ ባለሙያ የድሮውን ቴራክ-20 ፈተሸው። ያው ስህተት እዚያም አለ! ግን ማንንም አልጎዳም፤ መከላከያዎቹ ጨረሩን ያስቆሙት ነበር። እንዲያውም አዲስ ተማሪዎች በገቡ ቁጥር፣ ማሺኑን እየነካኩ እንደ ልባቸው ሲጽፉበት፣ ፊውዝ ይቃጠል ነበር። ፊውዙ ይቀየራል፣ ሥራው ይቀጥላል።