ትናንትን ለምስክርነት የጠራው ችሎት

ጁን 23 ቀን 2022 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የኒውዮርክ ሕግ ሻረ። ሕጉ ሽጉጥ ታጥቆ ከቤቱ ሊወጣ የሚሻ ሰው ከሌላው የተለየ በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር፤ ሥሩም እስከ 1911 ይዘልቃል። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ኮንግረስ ከ1994 ወዲህ አምሳያውን ያላሳለፈው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ላይ ፈረሙ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ መንግሥት አንዱ እጅ ሲያስር ሌላው ሲፈታ ታየ።

ከዚያ በፊት የነበረው ወር የሐዘን ወር ነበር። ሜይ 14 በቡፋሎ ከተማ በአንድ የምግብ መደብር 10 ጥቁሮች ተገደሉ። በአሥረኛው ቀን በቴክሳስ፣ ዩቫልዲ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ወደቁ። የሁለቱም ቦታ ገዳይ 18 ዓመት የሞላው ወጣት ነበር፤ ጠመንጃውንም ከሕጋዊ መደብር ነበር የገዛው። ባይደን የፈረሙት ሕግ የዚህ ደም ውጤት ነው። ግን ልከኛ ሕግ ነው፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ገዢ ማንነት ጠለቅ ብሎ እንዲጣራ አዘዘ፣ ለክልሎችም ገንዘብ መደበ። ጠልቆ የሚቆየው ግን የፍርድ ቤቱ ቃል ነው። ዳኞቹ ከእንግዲህ የመሣሪያ ሕግ የሚጸናው ከአገሪቱ ታሪካዊ ልማድ ጋር ሲስማማ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠበቃው ሁሉ ታሪክ መርማሪ፣ ታሪክ ጸሐፊውም ሁሉ የችሎት ምስክር ሆኖ አረፈው።

ትናንት ለምስክርነት ከተጠራ ዘንድ ቃሉን እስከ ጫፍ መስማት ይገባናል። ይህ ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። ከሌላ ታሪክ ተወልደን በዚያ ምድር የሰፈርን ብዙዎች ነን፤ ልጆቻችን በዚያ አገር ትምህርት ቤት በር ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ከግድግዳ ተለጥፎ ትንፋሽን መዋጥ እንደ ፊደል ይማራሉ።

የመጀመሪያው የምስክርነት ቃል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። በ1783 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በቦስተን ከተማ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ወደ መኖሪያ ቤት ማስገባትን ከለከለ፤ ቅጣቱ 10 ፓውንድና የመሣሪያው መወረስ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቤት ሲቃጠል የጎረሰው ጠመንጃ እሳት ሊያጠፋ የመጣውን ጎረቤት ይገድላል። ስለ መታጠቅ መብት የሚናገረው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1791 ጸደቀ። በዓመቱ ኮንግረስ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለ ጤነኛ፣ ነጻ፣ ነጭ ወንድ ዜጋ ሁሉ በሚሊሺያ መዝገብ እንዲሰፍር፣ ጠመንጃም በራሱ ገንዘብ ገዝቶ እንዲቀርብ አዘዘ። በሰልፍ ቀን አለቃው እየዞረ መሣሪያውን ይፈትሽ ነበር። መሥራቾቹ ጠመንጃን ከመንግሥት ዓይን አርቀው አላኖሩትም፤ በስምና በመዝገብ ነበር የያዙት።

ሁለተኛው ቃል ግን መራራ ነው። በዚያው አዋጅ ውስጥ «ነጭ» የሚለው ቃል ተሰንቅሯል። ባሪያ ጠመንጃ እንዳይነካ፣ በብዙ ቦታ ነጻ የወጣ ጥቁርም እንዳይታጠቅ፣ ለነባሩ ሕዝብ እንዳይሸጥ፣ ለአሜሪካ አብዮት መንግሥት ታማኝነቱን በመሐላ ያላረጋገጠም ትጥቁን እንዲፈታ የሚያዝዙ ሕጎች ተደራርበው ወጥተዋል። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 እንዳበቃ ሚሲሲፒ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ ደነገገች። በ1873 የትንሣኤ ዕለት በሉዊዚያና፣ ኮልፋክስ በምትባል ከተማ፣ የታጠቁ ነጮች የፍርድ ቤቱን ሕንፃ ይጠብቁ የነበሩ ጥቁሮችን ፈጁ፤ ብዙዎቹ የተገደሉት እጅ ከሰጡ በኋላ ነው። የሟቾቹ ግምት ከ60 እስከ 150 ይደርሳል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በ1876፣ የመታጠቅ መብቱ የሚገድበው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው ተባለና የተፈረደባቸው ሰዎች ነጻ ወጡ። በዲሴምበር 1890 ደግሞ ወታደሮች ውንድድ ኒ በተባለ ስፍራ የነባሩን የላኮታ ሕዝብ መሣሪያ እየለቀሙ ሳለ ተኩስ ተከፈተ፤ ከ150 እስከ 300 የሚገመት ሰው፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ በበረዶ ላይ ቀረ።

ዛሬ ጋዜጦች «በታሪክ እጅግ ከባዱ የጅምላ ተኩስ» ብለው ዝርዝር ሲያወጡ እነዚህን አይቆጥሩም። ዝርዝራቸው የሚጀምረው ገዳዩ ብቸኛ ሰው ከሆነበት ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መንግሥት መሣሪያ ሊቆጣጠር ነው ሲባል ቢጠራጠር፣ ጥርጣሬው ከአያቶቹ የወረደ ነው፤ ድንቁርና ብሎ የሚያልፈው ሰው ያንን ታሪክ አላነበበም።

በፊልም ያደግንበት «ዱር ምዕራብ»ም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። የከብት ነጋዴዎች ከተማ የነበረችው ዶጅ ሲቲ መግቢያዋ ላይ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተክላ ነበር። በአሪዞና የምትገኘው ቱምስቶን በኤፕሪል 1881 መሣሪያ ይዞ በከተማ መዘዋወርን ከለከለች፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 የሦስት ሰው ሕይወት የጠፋበት ዝነኛው ተኩስ የተነሣው የከተማዋ የፖሊስ አለቃ ያንን ደንብ ሊያስከብር በሄደበት ጊዜ ነው። ሆሊውድ ተኩሱን ይዞ ደንቡን ጣለው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን መትረየስን በሰው እጅ የሚያዝ አደረገው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 በቺካጎ ከወሮበላ ቡድን ጋር የተያያዙ 7 ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተረሸኑ፤ ገዳዮቹ ቶምሰን የሚባለውን አነስተኛ መትረየስ ይዘው ነበር። ልክ በዚያችው ቀን፣ ከ89 ዓመት በኋላ፣ በፍሎሪዳ ፓርክላንድ 17 ሰዎች በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገድለዋል። ከቺካጎው እልቂት በኋላ በ1934 የወጣው ሕግ መትረየስን በቀጥታ አልከለከለም። ባለቤቱ እንዲመዘገብ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም የመሣሪያውን ዋጋ የሚያህል 200 ዶላር ግብር እንዲከፈል አዘዘ። የዛሬውን ክርክር ለሚያውቅ የሚገርመው የብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር አቋም ነው። ማኅበሩን በ1871 የመሠረቱት ወታደሮቻቸው አልመው መምታት አለመቻላቸው ያሳሰባቸው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜን ወገን መኮንኖች ነበሩ፤ በ1934 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ካርል ፍሬደሪክ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ሰው ሁሉ ሽጉጥ ታጥቆ መዞሩን እንደማያምኑበት፣ በፈቃድ በጥብቅ መገደብ እንዳለበት ተናገሩ።

የ1934ቱ ሕግ ከቀደሙት የሚለይበት ነገር አለ፤ ዓይኑን ከሰውየው ይልቅ በመሣሪያው ላይ አሳረፈ። ውጤቱም ጸጥ ያለ ነበር። መትረየስ ከአሜሪካ አልጠፋም፤ ነገር ግን በተመዘገበ መትረየስ የተፈጸመ ግድያ እጅግ ጥቂት ነው። ያልሆነ ክፉ ነገር ዜና ስለማይሆን ይህ ትምህርት ተረሳ። ከመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ግን አንድ ነገር በድርድር ወጥቶ ቀርቷል፤ ሽጉጥ።

የዚያ ጉድለት ዋጋ ዛሬም እየተከፈለ ነው። በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ 48,830 ሰው ሞቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግድያዎቹም አብዛኛው የሽጉጥ ነው። የጅምላ ተኩስ ልብ ቢሰብርም ከሟቾቹ የሚይዘው ጥቂቱን እጅ ነው። ክርክሩ ሁሉ በትምህርት ቤቱ እልቂት ዙሪያ ሲግለበለብ፣ በየመኝታ ቤቱ መሳቢያ ያለው ሽጉጥ ሳይነሣ ያልፋል። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ ክልከላ ሲሽር፣ ማለትም የብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ የሆነችውን ከተማ ሕግ ሲያነሣ፣ በቤት ለራስ መከላከያ የሚቀመጠውን ያንኑ ሽጉጥ የሕገ መንግሥቱ ጥበቃ ማዕከል አደረገው።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለው ታሪክ ይደጋገማል። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲን የገደለው ጠመንጃ በፖስታ ታዝዞ የመጣ፣ ማስታወቂያውም በጠመንጃ ማኅበሩ መጽሔት የወጣ ነበር፤ ይህን የሚገታው ሕግ ግን አምስት ዓመትና ሁለት ተጨማሪ ነፍስ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግንና የሮበርት ኬኔዲን፣ ጠበቀ። በመካከሉ፣ በሜይ 1967፣ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት አባላት ጠመንጃ አንግበው በካሊፎርኒያ ምክር ቤት ታዩ፤ የጎረሰ ጠመንጃ በአደባባይ መያዝን የሚከለክለው ሕግ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ወጣ፣ የፈረመውም አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገን ነበር። የመሪዎች ሞት አምስት ዓመት የፈጀበትን፣ የታጠቀ ጥቁር መታየት በጥቂት ወራት አስፈጸመው። በ1977 የጠመንጃ ማኅበሩ በሲንሲናቲ ጉባኤው በውስጥ አመፅ ተገለበጠና ዛሬ የምናውቀው የፖለቲካ ኃይል ሆነ። የ1994ቱ ሕግ ወታደራዊ መልክ ያላቸውን ጠመንጃዎችና ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ከለከለ፤ ግን የ10 ዓመት ዕድሜ ተቆርጦለት ስለነበር በ2004 በራሱ ጊዜ ከሰመ። በ2012 ሳንዲ ሁክ በሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ ለገዢ ማጣሪያ የቀረበው ረቂቅ በሴኔት 54 ድምፅ አግኝቶ 60 ስላልሞላ ወደቀ።

ጠመንጃዬ ነጻነቴ ነው የሚለው የአሜሪካ ገበሬ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ምኒልክ ጠመንጃ ባያከማቹ ዓድዋ አይታሰብም፤ በ1935 ኃያላኑ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ሲያግዱ የተጎዳው መሣሪያ መሥራት የማትችለው አገራችን እንጂ ሙሶሊኒ አልነበረም። ሆኖም የዓድዋ ጠመንጃ በክተት አዋጅ የተጠራ፣ አለቃ ያለው ሠራዊት ጠመንጃ ነው። ዘመዱ በ1792 በሰልፍ ቀን የሚፈተሸው የሚሊሺያ ጠመንጃ እንጂ በልደቱ ማግስት አንድ ብቸኛ ወጣት ከመደብር የሚያወጣው አይደለም። በአገራችንም በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ መታጠቅን ሲከለክል የነካው ይህንኑ የቆየ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2022 የታሪክ መለኪያ ገና እየተፈተነ ነው። በላስ ቬጋስ በ2017 በአንድ ሌሊት 58 ሰው ሲገደል ተኳሹ ጠመንጃውን እንደ መትረየስ የሚያስተኩስ ባምፕ ስቶክ የተባለ መሣሪያ ተጠቅሞ ነበር፤ መንግሥት ያንን ቢከለክልም በ2024 ፍርድ ቤቱ የ1934ቱ ሕግ ስለ መትረየስ የሰጠው ትርጓሜ እሱን አይጨምርም ብሎ እገዳውን አነሣ። በዚያው ወር ግን በ8 ለ1 ድምፅ፣ በቤተሰብ ጥቃት የተነሣ የፍርድ ቤት እግድ ያለበት ሰው መሣሪያ ቢነጠቅ ከታሪክ ጋር ይስማማል ሲል ወሰነ። ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት በዚያ ውሳኔ የጻፉት አስተያየት ቆም ያሰኛል፤ የመሥራቾቹ ዘመን ምክር ቤቶች ሥልጣናቸውን ሁሉ አሟጠው ተጠቅመዋል ብሎ መነሣት፣ ያላወጡትን ሕግ ማውጣት አይችሉም ነበር እንደ ማለት ነው። እሳቸው የተቹት ይህ አስተሳሰብ ወደፊትም ይዘልቅ ይሆናል፤ የዛሬ ምክር ቤቶች የሚተዉት ነገር ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊቆጠርባቸው ይችላል።

በ2025 መጀመሪያ ላይ ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ያንኑ መዝገብ ገለጡ። አንደኛው፣ የቴክሳስንና የሉዊዚያናን ጉዳዮች የሚዳኘው፣ በ1792 ዕድሜው 18 የሆነ ሰው በሚሊሺያ ውስጥ ስለነበር በ1968 የወጣው ከ21 በታች ለሆነ ሰው ሽጉጥ እንዳይሸጥ የሚል ሕግ አይጸናም አለ። ሌላው፣ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ዘመን ከ21 በታች የሆነ ሰው ውል የመዋዋል ችሎታ አልነበረውም ብሎ ፍሎሪዳ ከፓርክላንድ እልቂት በኋላ ያወጣችውን ክልከላ አጸና። አንድ ዘመን፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት ፍርድ።