«ዘገምተኛ»

«ዘገመ» ማለት ቀስ ብሎ ሄደ ማለት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣው «ዘገምተኛ» ግን በወልቂጤም በቡታጅራም፣ እንደ ሌላው ከተማችን ሁሉ፣ አፉን ዘግይቶ ለፈታ ልጅ ሁሉ ይለጠፋል። ባለሙያዎች ግን በዚህ ቃል የሚጠቃለሉትን ችግሮች ይለያዩአቸዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነገርን የመረዳትና ራስን የመርዳት ችሎታን ይመለከታል። ኦቲዝም በዋናነት የሚነካው ከሰው ጋር መግባባትን ነው፤ ኦቲዝም ኖሮበት በትምህርቱ የሚበረታ ልጅ አለ፤ ሁለቱም ያሉበትም አለ። ዲስሌክሲያ ያለበት ደግሞ የሚቸገረው ፊደል ሲያነብና ሲጽፍ ነው። መስማት የተሳነውም ልጅ በዚሁ ቃል ሲጠራ ይኖራል።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙ ወላጅ ልጁን ከሰው ዓይን ይሸሽግ ነበር። ኦቲዝም እርግማን ነው የሚለው ወሬ ዛሬም አልጠፋም፤ እርግማን ግን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም።

ልጅዎ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ በሁለት ዓመቱም ሁለት ቃል ካላጣመረ «ያድግበታል» ብለው አይጠብቁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይንገሩ፤ ጆሮውንም ያስመርምሩ። ቤት ውስጥም አብረውት ይጫወቱ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ያናግሩት፣ ለመመለስም ጊዜ ይስጡት። ሰፈሩም በስሙ ይጥራው።