የሰሐራ ድንበርና የዝናም መለዋወጥ

የሰሐራ ምድረ በዳ ወደ ደቡብ እየገፋ ለሙን አገር ይበላዋል የሚለው ነገር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በመጽሔትም በጉባኤም ሲነገር የኖረ፣ እኛም ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣን አሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው አሳቡ እንዴት እንደ ተወለደ፣ በምን ማስረጃ እንደ ቆመና በኋላ በምን እንደ ተናወጠ ነው። ይህን ርእስ የመረጥንበትም ምክንያት አለን። የድንበሩ ታሪክ በይበልጥ የዝናምና የሣር ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የከብት አርቢው የጥፋት ታሪክ ሆኖ ተጽፏል፤ በዚያም ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ በብዙ አገር ስለ አርቢው ኑሮ ተፈርዷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሳህል የሚባለው አገር ከአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ተነሥቶ በሰሐራ ደቡብ ጠርዝ እስከ ሱዳን ድረስ የተዘረጋ መቀነት ነው፤ ቃሉ በዓረብኛ የባሕር ዳር ማለት ነው። ዝናሙ የሚወርደው በክረምት፣ ይልቁንም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በሰሜኑ ዳር በዓመት ከ100 እስከ 200 ሚሊሜትር ይዘንማል፤ በደቡቡ ዳር ግን እስከ 600 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሁለቱን ዳሮች የሚለያያቸው ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝናሙ በአንድ ዓመት ትንሽ ወደ ሰሜን ቢዘልቅ ወይም ትንሽ ቢያጥር የአረንጓዴው ወሰን እጅግ ይንቀሳቀሳል። ለሚከተለው ሁሉ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ነገሩን በሰፊው ያስወራው ኤድዋርድ ስቴቢንግ የተባለ እንግሊዛዊ የደን ሊቅ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ በሕንድ የደን አገልግሎት የሠራ፣ ኋላም በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት ፕሮፌሰር የሆነ ነበር። በ1934 በምዕራብ አፍሪካ ተዘዋውሮ በተመለሰ ጊዜ፣ ሰሐራ በቅኝ አገሮቹ ላይ እየገፋ መምጣቱን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በ1935 በሎንዶን በሚታተም የጂኦግራፊ መጽሔት አወጣ። በእርሱ አስተያየት አሸዋው ወደ ደቡብ ይገሠግሣል፤ ምክንያቱም የደኑ መጨፍጨፍ፣ የሣሩ መቃጠልና የከብቱ መብዛት ነው። መከላከያውም ሰፊ የደን መቀነት ነው አለ። ነገር ግን ስቴቢንግ አገሩን ያየው በበጋ ነው። በሳህል በበጋ ሣሩ ገለባ ሆኖ ወይም ተግጦ አልቆ፣ ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ፣ አፈሩ ባዶውን ይታያል። በሰኔ ወደ አፋር ቈላ የወረደ እንግዳ አገሩ ሞቷል ብሎ ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም በነሐሴ ተመልሶ ማየት ነበረበት።

የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንግሥታት ነገሩ ስላሳሰባቸው ከሁለቱም ወገን የደን ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚሲዮን አቋቁመው፣ ኮሚሲዮኑ ከ1936 እስከ 1937 በናይጄሪያና በኒጄር ወሰን አጠገብ ያለውን አገር መረመረ። ያገኘውም ስቴቢንግ ካለው የተለየ ነበር። የአሸዋው ኮረብታዎች ብዙዎቹ በጥንት ዘመን የተከመሩና ሣርና ዛፍ የያዛቸው እንጂ ገና የሚጓዙ አልነበሩም፤ በቅርብ ዘመን ምድረ በዳው በሰፊው መግፋቱን የሚያሳይ ምልክትም አልተገኘም። መሬቱ በእርሻ ብዛት በየስፍራው መጐዳቱን ግን ኮሚሲዮኑ አልካደም። ብሪንሞር ጆንስ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ ይህንኑ በ1938 በዚያው መጽሔት አስረዳ። ለሦስት ዓመታት ያህል የተካሄደው ይህ ክርክር መልስ ያገኘ ይመስል ነበር፤ እንደምናየው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተነሣ።

የታሪኩን መንገድ ለጊዜው እናቋርጥና ዝናም በደረቅ አገር ተክል ላይ የሚሠራውን እንይ፤ ይህ ካልታወቀ ክርክሩ አይገባምና።

ዝናም በበዛበት አገር የዓመቱ ድምር ከአማካዩ ብዙ አይርቅም። በደረቅ አገር ግን አማካዩ ራሱ ያሳስታል፤ ጥቂት እጅግ ርጥብ ዓመታት ከፍ ስለሚያደርጉት፣ ከአማካይ በታች የሚዘንምባቸው ዓመታት ከአማካይ በላይ ከሚዘንምባቸው ይበዛሉ። የሣሩም ምርት ከዝናሙ ይልቅ ይዋዥቃል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሌ ኡዌሩና ባልደረቦቹ በ1988 የብዙ ደረቅ አገሮችን መዝገብ አስተያይተው የምርቱ መለዋወጥ ከዝናሙ መለዋወጥ በአማካይ አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑን አሳይተዋል።

ድምሩም ብቻ አይደለም። ሁለት ክረምቶች እኩል 250 ሚሊሜትር ቢሰጡ፣ አንዱ በየሳምንቱ አካፍሎ ሲያዘንም ሌላው በሦስት ኃይለኛ ዶፍ ሊጨርሰው ይችላል። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የሆነች ካፊያ ሥር ሳትደርስ ከአፈሩ ላይ ተንና ትጠፋለች። የመጀመሪያው ዝናም ዘሩን አብቅሎ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቢጠፋ ቡቃያው ይደርቃል፤ መዝገቡ ግን ዝናሙን ከድምሩ ውስጥ ይቈጥረዋል። ደግሞ አፈሩ አለ። በእርጥብ አገር ሸክላ አፈር ውኃ ስለሚይዝ ይመረጣል፤ በደረቅ አገር ነገሩ ይገለበጣል። አሸዋ ውኃውን ፈጥኖ ወደ ታች አሳልፎ ከፀሐይ ሲሰውረው፣ ሸክላው ከላይ ይዞ ለትነት ይሰጠዋል። በሱዳን የደን ሥራ የነበረው ስሚዝ በ1949 እንዳሳየው አንድ ዓይነት ግራር በሸክላ ላይ ለመብቀል በአሸዋ ላይ ከሚያስፈልገው የበለጠ ዝናም ይፈልጋል።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚችልበት ዘዴ አለው። በሰሜን ሳህል የሚበዛው ሣር በአንድ ክረምት በቅሎ፣ አፍርቶ፣ ዘሩን በትኖ የሚሞት ነው። ከልብስ ጋር የሚጣበቀው እሾሃሙ ክራም ክራም ከነዚህ አንዱ ነው። ዘሩ ሁሉ ግን በአንድ ዝናም አይበቅልም፤ ከፊሉ ለሚቀጥለው ዓመት በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቈያል። ዳን ኮኸን በ1966 በሒሳብ እንዳስረዳው፣ ዝናሙ የማይታመን በሆነ መጠን በየዓመቱ የሚበቅለው ዘር ማነስ ለተክሉ ዘር መቀጠል ይጠቅማል። ገበሬ ዘሩን ሁሉ በመጀመሪያው ዝናም እንደማይዘራ መሆኑ ነው። ኖይ ሜይር ደግሞ በ1973 ስለ ምድረ በዳ ሕይወት በጻፈው ሰፊ ጽሑፍ፣ ዝናም በድንገት መጥቶ እድገትን እንደሚያስነሣ፣ ተክሉም ከዚያ እድገት ከፊሉን በዘርና በሥር አኑሮ ቀጣዩን ዝናም እንደሚጠብቅ ገልጿል። እንግዲህ ባዶ መስሎ የሚታይ መሬት ስንቁን ከታች የሸሸገ ሊሆን ይችላል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። 1950ዎቹ በሳህል ዝናም የጠገቡ ዓመታት ነበሩ። ሣሩ ወደ ሰሜን ዘለቀ፤ ከብቱም እርሻውም ተከተለው። ከ1968 ጀምሮ ግን ዝናሙ ቀነሰና እስከ 1973 በቈየው ድርቅ ብዙ ሕዝብና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ዓለም ሁሉ ምክንያቱን በጠየቀ ጊዜ የስቴቢንግ መልስ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። በ1975 ጁል ቻርኒ የተባለው የአየር ጠባይ ሊቅ፣ ከብት ሣሩን ሲጨርሰው የተራቈተው አፈር የፀሐይን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ ዝናሙ ራሱ ይቀንሳል የሚል አሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሂዩ ላምፕሪ በሱዳን በኮርዶፋንና በዳርፉር ሰሜን በአውሮፕላን ዞሮ፣ ምድረ በዳው በ17 ዓመት ውስጥ ከ90 እስከ 100 ኪሎሜትር ወደ ደቡብ መሄዱን ጻፈ። ይህም በየዓመቱ 5 ኪሎሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው። በ1977 የተባበሩት መንግሥታት ስለ ምድረ በዳ መስፋፋት በናይሮቢ ጉባኤ አደረጉ፤ የላምፕሪም ቍጥር ከዚያ በኋላ በብዙ ጽሑፍ ሲጠቀስ ኖረ።

የላምፕሪን ሥራ እንዲህ መመርመር ይገባል። የ1975ን ወሰን ያነጻጸረው ሃሪሰንና ጃክሰን በ1958 ካወጡት የሱዳን ተክል ካርታ ጋር ነው። በዚያ ካርታ የምድረ በዳው ወሰን የተሠመረው በዝናም መስመር ላይ ተመሥርቶ እንጂ ድንበሩን በእግር ተከትሎ በመለካት አልነበረም። ደግሞም ካርታው የርጥብ ዘመን ሥራ ነው፤ የአውሮፕላኑ ጕብኝት ግን የመጣው ከረጅም ድርቅ በኋላ ነው። ሁለት ነጥብ ይዞ መሥመር መሳል ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱ ነጥብ ከጥጋብ ሌላው ከረኀብ ዘመን ከሆነ የሚገኘው መሥመር የዝናሙን እንጂ የመሬቱን ጕዞ አያሳይም። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ኡልፍ ሄልደን በ1980ዎቹ በዚያው በኮርዶፋን የሳተላይት ሥዕልና የመስክ ጥናት አጋጥሞ ቢመረምር፣ ድንበሩ ያለ ማቋረጥ መግፋቱን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም፤ ምርቱ ዝናሙን ተከትሎ ሲወርድና ሲያገግም አየ እንጂ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ተከር፣ ድሬኝና ኒውኮምብ በ1991 ያወጡት ነው። እነርሱ የሣሩን አረንጓዴነት በየዓመቱ ከሚለኩ ሳተላይቶች ባገኙት መዝገብ፣ 200 ሚሊሜትር ዝናም የሚያገኘውን መስመር የሰሐራ ደቡብ ወሰን አድርገው ከ1980 እስከ 1990 ተከታተሉት። ወሰኑ እስከ 1984 ድረስ፣ ማለት በድርቁ ዓመታት፣ 240 ኪሎሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወረደ፤ በ1985 በአንድ ዓመት 110 ኪሎሜትር ወደ ሰሜን ተመለሰ። በዚህ በአንድ ዓመት መመለስ ብቻ የምድረ በዳው ስፋት 724,000 ካሬ ኪሎሜትር ቀነሰ። ከዚያም እንዲሁ ሲወጣና ሲወርድ ቈየ። ላምፕሪ የ17 ዓመት ጕዞ ያለውን ርቀት ወሰኑ በአንድ ክረምት ሄዶታል ማለት ነው። ስለ ዝናሙም መቀነስ ፎላንድ፣ ፓልመርና ፓርከር በ1986 የሳህል ድርቅ ከውቅያኖሶች ሙቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፤ በኋላ የመጡትም ጥናቶች ይህን አጠናከሩት። አርቢው የዝናሙ ገዳይ አልነበረም።

ይህን ስንል ሰው በመሬቱ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት የለም ማለታችን አይደለም። በውኃ ጕድጓድ ዙሪያ መሬቱ ተረግጦ መራቈቱን ማንም ያየዋል። በማሊ ተካሂዶ በ1982 የታተመ ሰፊ ጥናት ያስተማረን ደግሞ ዓመታዊው ዝናም ከ300 ሚሊሜትር ያህል ሲበልጥ እድገቱን የሚወስነው ውኃው ሳይሆን በአፈሩ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መሆኑን ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ አፈሩ ከደኸየ ዝናም መልሶ ቢመጣም ምርቱ አይመለስም። ዛፍም እንደ ሣር በአንድ ክረምት አያገግምም። በሌላ ወገን ኮሚሲዮኑ በተመላለሰበት ወሰን አጠገብ፣ በኒጄር በማራዲና በዚንደር፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ገበሬዎች በእርሻቸው ውስጥ ከጕቶ የሚያቈጠቍጠውን ዛፍ ሳይቈርጡ በማሳደጋቸው ዛፍ በርክቷል።

ጕዳዩ ወደ እኛም አገር ይደርሳል። አፋሮች በዝናም የሚበቅለው ሣር ሲያልቅ የሚሸሹት ወደ አዋሽ ወንዝ ዳር ነበር። የወንዙ ሙላት የሚመጣው ከደጋው ዝናም ስለ ሆነ፣ በቈላው ባይዘንምም በዳርቻው ሣር ይገኛል። ተክሉ በዘርና በሥር እንደሚያኖረው ስንቅ፣ የአርቢውም ስንቅ ይህ ረግረግ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጥጥና የሸንኰራ አገዳ እርሻ በአዋሽ ሸለቆ ሲስፋፋ ይህ መሬት እየጠበበ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ በመጣ ጊዜ የአፋር ከብትና ሕዝብ ያለቀበትን ምክንያት ከዝናሙ ማነስ ብቻ የሚያስረዳ ታሪክ፣ በእኛ አስተያየት ግማሹን ትቶታል።

በቦረና ደግሞ ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከግማሽ የሚበልጠው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው በገንና፣ የቀረው አብዛኛው በመከር በሃገያ ይወርዳል። ቦረኖች ቍጥቋጦው ሣሩን እንዳያፍነው በየጊዜው ያረጀውን ሣር ያቃጥሉ ነበር። ስቴቢንግ ከጥፋት ከቈጠራቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1970ዎቹ ቃጠሎው በመንግሥት ሲከለከል፣ በክረምት ብቻ ይግጡበት በነበረው ሜዳም ኩሬ ሲቈፈርና ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ሲቀመጥበት ቍጥቋጦው በረታ። ሥሩ ጥልቅ ስለ ሆነ ሣሩ የማይደርስበትን ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ዛሬ በዚያ አገር መልካም ዝናም በዘነመ ዓመት እንኳ ሜዳው ለምልሞ እየታየ ላም የምትግጠው ሣር ሊያንስ ይችላል። ይህን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሳተላይት አረንጓዴ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሣሩንና ቍጥቋጦውን ለይቶ ለመቍጠር ግን በየዓመቱ በአንድ ስፍራ፣ ከዝናም መለኪያ አጠገብ፣ ሣሩን አጭዶ መመዘን ያስፈልጋል።